ሆድ ያወከው የስኳር እንክብል

ጥያቄ፦ የተከበራችሁ የአምዱ አዘጋጆች፣ እኔ የ57 ዓመት ሰው ስሆን የምኖረው በደብረ ሲና አካባቢ ነው። ከአምስት ሳምንት በፊት ደብረ ብርሃን ሄጄ ስመረመር የስኳር በሽታ እንዳለብኝ ተነገረኝና ሜትፎርሚን የተባለውን ባለ 500 ሚሊግራም እንክብል ጠዋት አንድ፣ ማታ አንድ እንድወስድ ታዘዘልኝ። ከጀመርሁበት ከሦስተኛው ቀን አንሥቶ ሆዴ ይጮኻል፣ ይነፋኛል፣ በቀን አራት አምስት ጊዜ ያስቀምጠኛል፤ አፌንም ብረት ብረት ይለኛል። አሜባ ነው ብዬ ሜትሮኒዳዞል ገዝቼ ብወስድ ባሰብኝ እንጂ አልተሻለኝም። ጠዋት ጠዋት ለስኳር ይረዳል ስለሚባል በባዶ ሆዴ የአብሽ ውኃ እጠጣለሁ፤ ረቡዕና ዓርብ ግን እንክብሉን ብቻ በውኃ አወራርጄ እስከ ዘጠኝ ሰዓት እጾማለሁ። ባለፈው ሳምንት ለጉዳይ ወደ ደብረ ብርሃን ስወጣ ጣርማበር ላይ ሾፌሩን ለምኜ በጭጋጉ ውስጥ ወርጃለሁ፤ ተሳፋሪው ሁሉ እየጠበቀኝ ነበር። ከዚያ ቀን ወዲህ መድኃኒቱን ትቼዋለሁ። ወንድሜም «ኩላሊትህን ይጨርሰዋል፣ የሀበሻ መድኃኒት ይሻልሃል» ይለኛል። ቀጠሮዬ ሦስት ሳምንት ይቀረዋል። ምን ላድርግ?

መልስ፦ የተከበሩ ጠያቂያችን፣ ጣርማበር ላይ የደረሰብዎትን ሳይሸሽጉ በመጻፍዎ እናመሰግናለን። ይህን መድኃኒት ከሚጀምሩ ሰዎች እስከ አንድ አራተኛ የሚሆኑት የሆድ መታወክ ያጋጥማቸዋል፤ ብዙዎቹ ግን አፍረው ለሐኪማቸው እንኳ አይናገሩም።

ሜትፎርሚን ዋናው ሥራው ጉበት ወደ ደም የሚለቀውን የስኳር መጠን መቀነስ ሲሆን፣ በአፍ የሚወሰድ በመሆኑ ከደም ይልቅ በአንጀት ግድግዳ ውስጥ በብዛት ይከማቻል። እዚያም ከሐሞት የሚመጡት ጨዎች በቀጭኑ አንጀት መጨረሻ ወደ ሰውነት ተመልሰው እንዳይገቡ በከፊል ያግዳል፤ እነዚህ ጨዎች ወደ ትልቁ አንጀት ሲወርዱ ውኃ ስለሚስቡ ሆድ ይላላል። የመንፋቱና የመጮሁ ነገርም አንጀት ውስጥ የሚኖሩት ተሕዋስያን ስብጥራቸው ከመለወጡ ጋር ይያያዛል። እንግዲህ የእርስዎ ሆድ የታወከው መድኃኒቱ መርዝ ሆኖበት ሳይሆን፣ አንጀትዎ ሳይለምደው በአንድ ጊዜ ስለበዛበት ነው ብለን እናስባለን። አብዛኛው ሰው በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ይለምደዋል፤ ምንም ቢደረግ ጨርሶ የማይስማማቸው ከመቶ አምስት ያህሉ ብቻ ናቸው።

ታዲያ የእርስዎ ለምን ወር ሙሉ አልበረደም? መልሱ በራስዎ ደብዳቤ ውስጥ አለ። ሜትፎርሚን የሚወሰደው ከምግብ ጋር ነው፤ «ከምግብ ጋር» ሲባልም ማዕድ ከመቅረቡ በፊት ሳይሆን በመብሉ መካከል ወይም የመጨረሻውን ጉርሻ እንደ ጎረሱ ማለት ነው። እርስዎ ግን በጾም ቀን በባዶ ሆድዎ፣ በሌላው ቀን ደግሞ ከአብሽ ውኃ በኋላ ይውጡታል። አብሽ በውስጡ ባለው የሚያሟልጭ አሠር ምክንያት ራሱ ሆድ የሚያላላና የሚነፋ ነገር ነው። አብሽን አንነቅፍም፤ ነገር ግን ሁለቱን በአንድ ጠዋት ከጀመሩ ሆድን ያወከው የትኛው እንደሆነ መለየት አይቻልም። በዚህ ላይ ሜትሮኒዳዞል ተጨመረ። አፍን ብረት ብረት የሚያሰኝ መድኃኒት ፈልጉ ብንባል በመጀመሪያ የምንጠራው እሱን ነው፤ ማቅለሽለሽም ያመጣል። ተቅማጥ በመጣ ቁጥር አሜባ ነው ብሎ ሳይመረመሩ መድኃኒት መግዛት በሀገራችን የተለመደ ቢሆንም፣ አሜባና ጃርዲያ መኖር አለመኖራቸው በጤና ጣቢያ በማይክሮስኮፕ በሚደረግ የሰገራ ምርመራ የሚታይ ነውና አስቀድመው ይመርመሩ።

ከተቅማጡ ይልቅ ያሳሰበን ግን መድኃኒቱን በዝምታ መተውዎ ነው። የዚህ መልስ ጸሐፊ በሰሜን ሸዋ የስኳር ሕሙማን ክትትል ላይ ሲሠራ አንዲት እናት ስኳራቸው አልወርድ ብሎ ሐኪሙ ሁለት ጊዜ መጠኑን ጨመረላቸው፤ በሦስተኛው ቀጠሮ ከነጠላቸው ጫፍ የቋጠሩትን ሲፈቱ የሦስት ወሩ እንክብል እንዳለ ነበር። «ልጄ፣ እንዳትቆጣኝ ብዬ ነው» አሉት። ሐኪሙ የሚያየው የደሙን ቁጥር ነው፤ አልወሰድሁም ካላሉት መድኃኒቱ አልሠራም ብሎ መጠኑን ያሳድጋል ወይም ሌላ ይጨምራል። ከሚጨመሩትም መካከል እንደ ግሊቤንክላማይድ ያለው ስኳርን ከልክ በታች ሊያወርድ ይችላል፤ ሜትፎርሚን ብቻውን ሲወሰድ ግን ይህን የሚያደርገው ከስንት አንዴ ነው። ስለዚህ ሦስት ሳምንት አይጠብቁ፤ በዚህ ሳምንት ወደሚቀርብዎ ጤና ጣቢያ ወይም ወደ ክትትል ክፍልዎ ሄደው ትቼዋለሁ፣ ምክንያቱም ይህ ነው ብለው ይንገሩ።

እዚያ የሚሉዎት ምናልባት እንዲህ ነው፦ ካቆሙበት መጠን ሳይሆን ከታች፣ ማለትም በቀን አንድ ባለ 500 ሚሊግራም ከእራት ጋር ይጀምሩ፤ ሆድዎ ሲረጋ ከአንድ ወይም ከሁለት ሳምንት በኋላ ሁለተኛውን ይጨምሩ። በዚህ መንገድ የረቡዕና የዓርቡ ጉዳይም ለጊዜው ይቃለላል። ሁለተኛው እንክብል ሲጨመር በጾም ቀን ወደ ዘጠኝ ሰዓቱ ማዕድ ሊዛወር ስለሚችል ይህንኑ ይጠይቁ፤ ለንስሐ አባትዎም ሕመምዎን ቢነግሯቸው ጾሙን ለእርስዎ በሚስማማ መንገድ ያዙልዎታል። አንጀትዎ እስኪለምድ ባቄላ፣ ስልጆና የአተር ቆሎ ቀነስ ያድርጉ፤ ተልባና አብሽም ይቆዩ። ለብርድ ተብሎ የሚቀማመሰው አረቄ ግን ከዚህ መድኃኒት ጋር ጨርሶ አይሄድም።

ይህ ሁሉ ተደርጎ ካልበረደ ቀስ እያለ የሚለቀቅ የሜትፎርሚን ዓይነት ስላለ ይገኝ እንደሆነ ይጠይቁ፤ ሆድን የሚያውከው ባነሰ ሁኔታ ነው። እሱን መስበር፣ መፍጨት ወይም ማኘክ አይፈቀድም። አንዳንድ ጊዜ ቅርፊቱ በሰገራ ውስጥ ይታያል፤ መድኃኒቱ ውስጥ ለውስጥ ተለቅቆ ያለቀ ባዶ ልባስ ስለሆነ አይደንግጡ።

ወንድምዎ ያሉት ከአሳቢነት ቢሆንም ነገሩ ተገላብጧል። ሜትፎርሚን ኩላሊትን አይጎዳም፤ ከሰውነት የሚወጣው በኩላሊት በመሆኑ ግን ኩላሊቱ የደከመ ሰው መጠኑ ይቀነስለታል ወይም ይከለከላል። ኩላሊትን የሚጎዳው ለዓመታት ያልታከመ ስኳር ነው። ዕፅዋትን በተመለከተ፣ የሜትፎርሚን መነሻ ራሱ ጋሌጋ በሚባል በአውሮፓ በሚበቅል ተክል ውስጥ የተገኘ ንጥረ ነገር ነው፤ ዣን ስተርን የተባለ ፈረንሳዊ ሐኪም በ1957 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ለስኳር ሕክምና ማዋሉን ይፋ እስኪያደርግ ድረስ ብዙ ተጣርቶ፣ መጠኑም ተለክቶ ነው እንክብል የሆነው። የማይታወቅ ቅጠል ጭማቂ መጠኑን የሚነግርዎ የለም።

ትውከቱ ውኃ እንኳ የማያስቀር ከሆነ፣ ተቅማጡ ከአንድ ቀን በላይ አጥብቆ ካዳከመዎት፣ ደም ወይም ትኩሳት ካለው፣ ትንፋሽዎ ከፈጠነ ወይም ካደናገረዎት ሜትፎርሚኑን አይውሰዱ፤ ሳያድሩ ወደ ሕክምና ይሂዱ። ሰውነት ውኃው ተሟጥጦ ኩላሊት ሲደክም መድኃኒቱ ይጠራቀምና ደም ውስጥ ላክቲክ አሲድ ሊበዛ ይችላል፤ እምብዛም የማያጋጥም ቢሆንም ለሕይወት ያሰጋል።

የመንገዱን ነገር በተመለከተ፣ በቀጠሮው ቀን ለደም ምርመራ ምግብ ሳይቀምሱ ይምጡ ከተባሉ፣ የጠዋት እንክብል በዚያን ጊዜ ተጨምሮልዎት ቢሆን እንኳ ከደብረ ሲና ሳይነሡ አይውጡት። ቁራሽ ዳቦና እንክብሉን ይያዙ፤ ደሙ ከተቀዳ በኋላ በልተው በዚያው ይውሰዱት።