ስንኝ ስትመጣ አታስጠብቋት

ውድ ልጆቼ፣

አማርኛ ሳስተምር ኖሬ ነው ጡረታ የወጣሁት። አሁንም ወጣቶች ግጥማቸውን ያሳዩኛል። ከመጀመሪያው መስመር ጀምሮ ጽልመት፣ ዘመን፣ ነፍስ፣ ደም! ምን ሆናችሁ? ትናንት ማታ ሽሮው አረረ ብሎ የሚገጥም ልጅ አጣሁ።

ቀለል አድርጋችሁ ጻፉ። ሰሞኑን ታክሲ ሰልፍ ላይ ቆሜ ይቺ መጣችልኝ፦

ታክሲው ሞልቶ ሄደ፣ እኔን ጥሎ ዛሬ፤
ልቤማ ተሳፍሯል፣ ቆሞ ቀረ እግሬ።

ትልቅ ግጥም ናት አልልም። ግን ጮክ ብላችሁ በጣት ቁጠሯት። ታክ-ሲው-ሞል-ቶ-ሄ-ደ፦ ስድስት ምት፣ ትንፋሽ፣ እንደገና ስድስት። የወል ቤት የሚባለው የግጥም ምጣኔ ይኸው ነው። እኔ ግን ቆጥሬ አልጻፍኳትም። ሙሾውን፣ ቀረርቶውን፣ የሠርግ ዘፈኑን ስሰማ ያደግሁበት ጆሮዬ ነው የቆጠረልኝ።

አዝማሪ ቤት የገባ ይህን ያውቃል። እንግዳው «ተቀበል» ብሎ ስንኝ ይወረውራል፤ አዝማሪው በማሲንቆው ተቀብሎ ያዜመዋል። ወዲያው ደግሞ ከራሱ ይጨምራል፤ የአንዱን ኮት፣ የሌላውን ፍቅረኛ እያነሳ። ማሰቢያ ጊዜ የለውም። ግን ባዶ እጁን አልመጣም፤ ዜማውና ምጣኔው ቀድሞ ገብቶታል።

የቅኔ ተማሪም እንዲሁ ነው። ጀማሪው ጉባኤ ቃና ከምትባለው የቅኔ ዓይነት ይነሳል፤ ሁለት ቤት፣ ማለትም ሁለት መስመር ብቻ ናት። ብቻውን ጥግ ይዞ ቅኔ ይቆጥራል፣ በልቡ ያዘጋጃል ማለት ነው፤ ከዚያ ለመምህሩ ይነግራል፤ መምህሩ ያርመዋል። በማግስቱ ሌላ አዲስ። የተባለ ቅኔ መድገም ነውር ነው። ይህ እስከ ዛሬ ይገርመኛል። ያን ያህል የተደከመበት ቅኔ አንዴ ተሰምቶ ያልፋል፤ የያዘው ሰው ካለ ይተርፋል፣ ከሌለ ይጠፋል። እናንተ ግን ሦስት ስንኝ ጽፋችሁ መድበል ታስባላችሁ!

ስለዚህ ስንኝ ስትመጣ ስልካችሁ ላይ ያዟት። በዚያች ሰዓት ቃል አታማርጡ። እርማቱ በኋላ ነው። ጮክ ብላችሁ አንብቡና ምላሳችሁ የተደናቀፈበት ቦታ ላይ ጨክኑ። ቤት ለመምታት ብቻ የገባች ቃል ካለች አውጧት። በእኛ ቋንቋ ግሱ መጨረሻ ላይ ስለሚቀመጥ «እሄዳለሁ» ያለ ሰው «እመጣለሁ»ን በነጻ ያገኛል። አንዳንዴ ያምራል፤ ገጹ በሙሉ እንደዚያ ከሆነ ግን ስንፍና ነው። እኔም «እግሬ»ን ከግሱ ኋላ የጎተትኳት ለዚህ ነው።

ቴሌግራም ላይ መለጠፉን አልቃወምም። ጓደኞቻችሁን የሚያስቅ ከሆነ ምን ችግር አለው? ሁሉንም ግን አትለጥፉ፤ ብዙው ለእጅ ማፍታቻ ነው የሚሆነው።

ሁለተኛዋ ስንኝ እምቢ ካለቻችሁ ደግሞ አትለማመጧት። ትታችሁ ሌላ ጀምሩ። አንዳንዷ ከወር በኋላ ልብስ ስታጥቡ ትመጣለች። ጭራሽ ያልመጡም አሉ፤ እኔ ጋ አንድ ደብተር ሙሉ ተቀምጠዋል።