ስለ ስትሪንግ ቲዎሪ ሥራ የጠየቃችሁኝ፣ ከነመልሱ

ለክረምት ባሕር ዳር ነኝ። ሥራዬ ውጭ አገር ስትሪንግ ቲዎሪ ላይ መመራመር ነው። የፔዳ (የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ግቢ) ተማሪዎችና የሰፈር ሰዎች ያዥጎደጎዱብኝን ጥያቄ እዚህ ልመልስ። ዓመቶቹ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ስትሪንግ ቲዎሪ በአጭሩ ምንድን ነው?

መልስ፦ ኤሌክትሮንም ሆነ ፎቶን (የብርሃን ቅንጣት) ነጥብ ሳይሆን የሚርገበገብ እጅግ ትንሽ ክር ነው የሚል ሐሳብ ነው። የክሩ እርግብግብታ ሲለያይ ቅንጣቱም ይለያያል። መነሻው ግን ሌላ ነበር። በ1968 ፊዚሲስቱ ቬኔዚያኖ ቀመሩን ሲጽፍ ያሰበው የአቶምን እምብርት አጣብቆ ስለሚይዘው ጠንካራው የኒውክሌር ኃይል ነው። በ1974 ሼርክና ሽዋርዝ መጡና፣ ቀመሩ ውስጥ ሰው ሁሉ ያስቸገረው ትርፍ ቅንጣት የስበት ተሸካሚ የሆነው ግራቪቶን ነው አሉ። ነገሩ የስበት ጉዳይ የሆነው ከዚያ ወዲህ ነው።

ጥያቄ፦ ቲዎሪው እንደሚለው 10 ዳይሜንሽን (የቦታና የጊዜ አቅጣጫ) ካለ፣ ከምናውቃቸው 4 ውጭ ያሉት 6ቱ የት ሄዱ?

መልስ፦ ተጠቅልለዋል። ከወደቡ ሆነህ ራቅ ያለ የደንገል ታንኳ ብታይ ቀጭን መስመር ነው፤ ሲቀርብ ስፋቱም ጥልቀቱም ይታያል። እኔን የሚያሳስበኝ ብዛታቸው ሳይሆን አጠቀላለላቸው ነው። የሚቻለው መንገድ ስፍር ቁጥር የለውም፣ የትኛው የኛ ዓለም እንደሆነ የሚመርጥ ሕግ ደግሞ እስካሁን አልተገኘም።

ጥያቄ፦ በሙከራ ተረጋግጧል?

መልስ፦ አልተረጋገጠም። ክሩ አንድ ሜትርን ከ1 በኋላ 35 ዜሮ ባለው ቁጥር ብታካፍል የሚገኘውን ያህል ትንሽ እንደሆነ ይገመታል። ጄኔቫ ያለው ዙሪያው 27 ኪሎ ሜትር የሆነው ቅንጣት አጋጪ ማሽን በ2012 ሂግስ የተባለውን ቅንጣት አገኘ፤ ብዙዎቻችን የጠበቅናቸው የሱፐርሲሜትሪ ቅንጣቶች (ለሚታወቀው ቅንጣት ሁሉ አለ የሚባለው ጥንድ) ግን ብቅ አላሉም። ታዲያ ለምን ትለፋለህ ካልከኝ፣ ፊዚሲስቱ ማልዳሴና በ1997 ያቀረበው ሐሳብ ብቻውን ይበቃኛል። ስበት ያለበትን ዓለም ስበት በሌለው፣ በአንድ ዳይሜንሽን ባነሰ ቲዎሪ ማስላት ይቻላል ይላል። ዛሬ ስለ ብላክ ሆል (ብርሃን እንኳ ስለማያመልጠው የጠፈር አካል) የምናስበው ብዙ ነገር በዚያ መሣሪያ ነው።

ጥያቄ፦ ልጄ ይህን ካልተማርኩ ብሏል። እንጀራ ይወጣዋል? (ከአንድ እናት)

መልስ፦ እናቴ፣ ሳልሸፋፍን ልንገርዎት። በብዙ አገር ፒኤችዲ ላይ እያለ ይከፈለዋል፣ አይራብም። ጣጣው ከዚያ በኋላ ነው። ፖስትዶክ የሚባል የ2 ወይም የ3 ዓመት ኮንትራት አለ። ሲያልቅ ሌላ አገር ሌላ ኮንትራት ይፈለጋል፣ ለአንድ ቦታ በመቶ የሚቆጠር ሰው ያመለክታል፣ ትዳርም ካለ አብሮ ይንከራተታል ወይ በስልክ ይኖራል። አብዛኛው ፕሮፌሰር ሳይሆን ወደ ሶፍትዌር፣ ወደ ዳታ ወይም ወደ ባንክ ይገባል፣ እዚያም ጥሩ ይበላል። ስለዚህ ይማር፤ ግን ኮዲንግ አብሮ ይያዝ።

ጥያቄ፦ ፔዳ ፊዚክስ 3ኛ ዓመት ነኝ። በየት በኩል ልግባ?

መልስ፦ በሂሳብ በኩል። ሊኒየር አልጀብራና ግሩፕ ቲዎሪ፣ ከዚያ ኳንተም ሜካኒክስ፣ ጄኔራል ሬላቲቪቲ፣ ኳንተም ፊልድ ቲዎሪ። ስትሪንግ ላይ ዘለህ አትውጣ። የካምብሪጁ ዴቪድ ቶንግ የሌክቸር ማስታወሻዎች በነፃ ይገኛሉ፤ ኔትወርክ ሲኖር አውርደህ አስቀምጥ። ከዲግሪ በኋላ አብዱስ ሳላም በ1964 ጣሊያን ውስጥ ትሪየስቴ ላይ ያቋቋመው አይሲቲፒ የተባለ የቲዎሪ ፊዚክስ ማዕከል አለልህ፤ ከታዳጊ አገር ለሚመጡ ተማሪዎች የአንድ ዓመት ዲፕሎማ ይሰጣል፣ ወጪህንም ይችላል። ኪጋሊ ያለውን ኤይምስ የተባለ የአፍሪካ የሂሳብ ሳይንስ ተቋምም ሞክር። አንድ ነገር ልብ በል፦ ሪኮመንዴሽን። "ጎበዝና ጨዋ ተማሪ ነው" የሚል ደብዳቤ ፋይዳ የለውም። መምህርህ ቢሮ ሂድ፣ ከባድ ጥያቄ ይዘህ ተከራከረው። የሚጽፈው ነገር ይኑረው።

ጥያቄ፦ ቀኑን ሙሉ ምን ትሠራለህ?

መልስ፦ ጠዋት አርካይቭ የተባለው የምርምር ጽሑፎች ድረ ገጽ ላይ የወጡ አዳዲስ ጽሑፎችን አያለሁ። ከ1991 ጀምሮ ሁሉም ሥራውን እዚያ በነፃ ይለጥፋል። ሁለት ሦስቱን አነባለሁ፣ የቀረው እስክሪብቶና ወረቀት ነው። አንዲት የመቀነስ ምልክት ከጠፋች ሳምንት ትበላለች። ትናንት ጣና ዳር ጁስ ቤት ኢንተግራል ስደረድር አስተናጋጁ "መምህር፣ ፈተና እያወጡ ነው?" አለኝ።

ጥያቄ፦ ጂኒየስ መሆን አለብኝ?

መልስ፦ የለብህም። የስትሪንግ ቲዎሪ አውራው ዊተን እንኳ የመጀመሪያ ዲግሪው በታሪክ ነው፣ በ1990 ትልቁን የሂሳብ ሽልማት ፊልድስ ሜዳልያን ወሰደ። በእርግጥ እሱን መለኪያ ካደረግህ ማናችንም አንደርስም።

ጥያቄ፦ እዚሁ መጥተህ ለምን አታስተምርም?

መልስ፦ ላብራቶሪ አያስፈልገኝም፣ ያ ጥሩ ነው። የሚያስፈልገኝ ሰሌዳ ላይ የሚሞግቱኝ ሦስት አራት ሰዎች ናቸው። 3ኛ ዓመት ነኝ ያልከው ልጅ፣ ነሐሴ ሳያልቅ ማስታወሻህን ይዘህ ና፣ ሰሌዳ እኔ አገኛለሁ።