ስላይድ ስካነር ብርሃንን እንዴት ወደ ቁጥር ይለውጣል?

ጥያቄ፦ የአባቴን የቀለም ስላይዶች በስካነር ወደ ኮምፒውተር እያስገባሁ ነው። መሣሪያው በፊልሙ ውስጥ የሚያልፈውን ብርሃን ወደ ዲጂታል ምልክት የሚለውጠው እንዴት ነው?

መልስ፦ የስካነሩ መብራት በስላይዱ ውስጥ ሲያልፍ የፊልሙ ቀለሞች ከብርሃኑ ከፊሉን ያስቀራሉ፤ ያለፈውም በሌንስ ተሰብስቦ፣ ዊላርድ ቦይልና ጆርጅ ስሚዝ እ.ኤ.አ. በ1969 በቤል ላብራቶሪ በፈለሰፉት ሲሲዲ በተባለ የሲሊከን ዳሳሽ ላይ ያርፋል። ብርሃኑ በሲሊከኑ ውስጥ ኤሌክትሮኖችን ስለሚያላቅቅ፣ በበረታ ቁጥር በእያንዳንዱ ነጥብ የሚጠራቀመው ክምችት ይበዛል። ይህ ክምችት ሰዎች ተሰልፈው የውኃ ባልዲ እንደሚቀባበሉ ከነጥብ ወደ ነጥብ እየተሸጋገረ ዳር ሲደርስ ወደ ቮልቴጅ ይለወጣል።

እስከዚህ ድረስ ምልክቱ ገና አናሎግ ነው፤ ዲጂታል የሚሆነው ሌላ የኤሌክትሮኒክስ ክፍል ቮልቴጁን ለክቶ ቁጥር ሲሰጠው ነው። ቁጥሩ በ8 ቢት (0 ወይም 1 በሆኑ ስምንት አሃዞች) ሲጻፍ 256፣ በ14 ቢት ደግሞ 16,384 የብርሃን ደረጃዎች ይለያሉ። ሻጮች አዘውትረው የሚያወሩት ስለ ነጥቦች ብዛት ቢሆንም፣ በእኔ አስተያየት ለስላይድ የብርሃን ደረጃዎቹ ብዛት ይበልጣል፤ የስላይድ ጥላ እጅግ ጥቁር በመሆኑ፣ ዳሳሹ ራሱ የሚፈጥረው የኤሌክትሪክ ረብሻ አነስተኛ እስከሆነ ድረስ፣ በጥላው ውስጥ የተሸሸገው ዝርዝር የሚተርፈው በእነዚህ ጥቃቅን ልዩነቶች ነው።

ሲሲዲ በራሱ ቀለም አይለይም፤ ስለዚህ ቀይ፣ አረንጓዴና ሰማያዊ ብርሃን ለየብቻ ይለካሉ። አንዳንድ ስካነሮች በአራተኛ ደረጃ ኢንፍራሬድ የተባለውን ዐይን የማያየው ብርሃን ይለካሉ፤ የቀለም ፊልም ኢንፍራሬድን ሲያሳልፍ አቧራና ጭረት ስለሚያግዱት፣ ሶፍትዌሩ ጉድፉን ለይቶ ያጠፋል። በብር ላይ በተመሠረተ ጥቁርና ነጭ ፊልም ግን ብሩ ራሱ ኢንፍራሬዱን ስለሚያግድ ይህ ዘዴ አይሠራም።