ሰልፍ ስላልወጣሁ ማስጠንቀቂያ ደረሰኝ

ጥያቄ፦

ጤና ይስጥልኝ። ስሜ ይቆይልኝ። የምኖረው ቃሊቲ ነው። የምሠራው ደግሞ አቃቂን አልፎ ገላን በኩል ባለ የግል ልብስ ስፌት ፋብሪካ ነው። ደመወዜ 4,800 ብር ነው። የአድዋ በዓል ሊደርስ ሲል የሰው ኃይል አስተዳደሩ በቴሌግራም ግሩፓችን መልእክት ላከ። የካቲት 23 ሁላችንም ሌሊት 11 ሰዓት በር ላይ እንድንገኝ፣ ሰርቪስ መስቀል አደባባይ እንደሚወስደን፣ እዚያም ስም እንደሚጠራ ተነገረን። ልጄ ትኩሳት ስለነበራት አልሄድኩም። የወሩ ደመወዝ ሲገባ 160 ብር "ለበዓል መዋጮ"፣ 300 ብር ደግሞ "ለቲሸርት" ተቆርጦብኛል። ቲሸርቱን አልወሰድኩም። በሳምንቱ "ከሥራ በመቅረት" የሚል የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ሰጡኝ። አለቃዬ ሰው ፊት "አንቺ አገርሽን አትወጂም እንዴ?" አለኝ። ቅድመ አያቴ አድዋ የዘመቱ ሰው ናቸው። ያን ቀን ቤቴ ገብቼ አለቀስኩ። ሰፈር ውስጥም የብሎካችን ሰብሳቢ "ያልወጣ ሰው የድጋፍ ደብዳቤ ለመጠየቅ እንዳይመጣ" ብሏል። ሕጉ ምን ይላል? ብናገር ያባርሩኛል?

መልስ፦

እህቴ፣ በመጀመሪያ ልጅዎን እግዚአብሔር ይማርልዎ። ደብዳቤዎን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። በጣም ያሳሰበኝ የተቆረጠው 460 ብር አይደለም። ያሳሰበኝ ማስጠንቀቂያው ነው። ምክንያቱን እነግርዎታለሁ፤ ገንዘቡ ግን ቀላል ስለሆነ እሱን እናስቀድም።

የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አንቀጽ 59 አሠሪ ከደመወዝ መቁረጥ የሚችልባቸውን ሁኔታዎች ይዘረዝራል። ሕግ ሲፈቅድ፣ የኅብረት ስምምነት (የሠራተኛ ማኅበርና አሠሪ የሚፈራረሙት) ወይም የሥራ ደንብ ሲፈቅድ፣ ፍርድ ቤት ሲያዝ፣ ወይም ሠራተኛው ራሱ በጽሑፍ ሲስማማ ነው። ከእነዚህ ውጭ አንድ ብርም አይነካም። በስብሰባ ላይ "ሁላችሁም ተስማምታችኋል" ተብሎ እጅ መውጣቱ የጽሑፍ ስምምነት አይደለም። ስም ዝርዝር አዘጋጅቶ "እዚህ ጋ ፈርሙ" ማለትም ብዙ ጊዜ ችግር አለበት። ሰው የሚፈርመው ስለ ምን እንደሆነና ስንት ብር እንደሆነ ማወቅ አለበት። እርስዎ ፈርመው ከሆነ በግልጽ ይንገሩኝ፤ ነገሩ ይለወጣል። ካልፈረሙ ገንዘቡ የእርስዎ ነው። ያልወሰዱት ቲሸርት ደግሞ ጭራሽ ክርክር አያስፈልገውም።

አንድ ነገር ግን አጣሩ። የሠራተኛ ማኅበር ካላችሁ የኅብረት ስምምነቱን ጠይቃችሁ አንብቡ። አንዳንዱ ስምምነት ውስጥ ስለ መዋጮ የገባ ነገር ይኖራል። ብዙ ሠራተኛ ያልሰማው አንቀጽ ነው በኋላ ችሎት ላይ የሚመዘዘው።

አሁን ወደ ማስጠንቀቂያው እንምጣ። አሠሪዎ "ከሥራ ቀርተሻል" ነው ያለው። ያ ቀን የሥራ ቀን ነበር? አልነበረም። የካቲት 23 የሕዝብ በዓል ነው፤ ደመወዝ የሚከፈልበት የዕረፍት ቀን ነው። በበዓል ቀን ሥራ የሚሠራ ሰው እንኳ በአንቀጽ 75 መሠረት ለእያንዳንዱ ሰዓት ድርብ ይከፈለዋል። የትርፍ ሰዓት ሥራም እንዲሁ በዘፈቀደ አይታዘዝም። አንቀጽ 67 ምክንያቶቹን ይጠቅሳል፤ አደጋ ሲደርስ ወይም ሊደርስ ሲል፣ ከአቅም በላይ የሆነ ነገር ሲያጋጥም፣ አስቸኳይ ሥራ ሲኖር፣ ሥራው ሳይቋረጥ የሚካሄድ ሆኖ የቀረን ሰው ለመተካት። ሰልፍ ከነዚህ ውስጥ የለም። እርስዎ የተቀጠሩት ልብስ ለመስፋት ነው። ሌሊት 11 ሰዓት ሰርቪስ ውስጥ ገብቶ ባንዲራ ማውለብለብ የሥራ ውልዎ ላይ አልተጻፈም።

ታዲያ ለምን አሳሰበኝ? ሕጉ በአንቀጽ 27 ላይ ያለ ማስጠንቀቂያ ጊዜ ስለ ማሰናበት ሲናገር፣ በስድስት ወር ውስጥ በድምሩ አምስት ቀን ከሥራ የቀረን ሠራተኛ ይጠቅሳል። ለዚያ ግን አስቀድሞ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ሊሰጠው ይገባል። ዛሬ ዝም ብለው የተቀበሉት ወረቀት ነገ ልጅዎ ስትታመም በሚቀሩበት ቀን ፋይልዎ ውስጥ ቁጭ ብሎ ይጠብቅዎታል። ስለዚህ በጽሑፍ መልስ ይስጡ። ረጅም አይሁን። ስድብም ክርክርም አይኑርበት። እንዲህ ቢሆን ይበቃል፦ "በማስጠንቀቂያው ላይ ከሥራ ቀርተሻል የተባልኩት የካቲት 23 ቀን የሕዝብ በዓል እንጂ የሥራ ቀን አልነበረም። የሥራ ግዴታዬን አላጓደልኩም። ማስጠንቀቂያው ከግል ማኅደሬ እንዲወጣልኝ፣ ያለ ስምምነቴ የተቆረጠው 460 ብርም እንዲመለስልኝ እጠይቃለሁ።" ሁለት ቅጂ ያዘጋጁ። አንዱን ይስጡ፣ በሌላው ላይ "ደርሶናል" የሚል ፊርማና ቀን ያስደርጉ። አንፈርምም ካሉ ሁለት ምስክር ይዘው ያስረክቡ፤ ወይም በሪኮመንዴ በፖስታ ቤት ይላኩ።

የቴሌግራሙን መልእክት ደግሞ አሁኑኑ፣ ይህን አንብበው ሳይጨርሱ፣ ስክሪንሹት ያንሱት። ቀኑና የላኪው ስም ይታይ። እንዲህ ዓይነት መልእክት ነገሩ ሲሞቅ ይጠፋል። "ስም ይጠራል" የሚለው ቃል መልእክቱ ጥሪ ሳይሆን ትእዛዝ መሆኑን ያሳያልና ለእርስዎ ትልቅ ማስረጃ ነው።

አለቃዎ ስለ ጠየቀዎት ጥያቄ ትንሽ ልቆይ። ሕጉ ብቻውን የሚመልሰው ነገር ስላልሆነ ነው።

በደርግ ጊዜ ልጅ ነበርኩ። መስከረም 2 ሲደርስ የሰፈራችን ቀበሌ ሌሊት በር ያንኳኳ ነበር። አባቴ የማስታወሻ ደብተር የያዘውን ሰው ድምፅ ሲሰማ ነበር ከአልጋው የሚነሳው። ስኳርና ሳሙና የሚታደለው በቀበሌ ሱቅ ነው፤ ሰልፍ ላይ ስሙ ሲጠራ ያልነበረ ሰው በሚቀጥለው ወር ወረፋው ላይ ያውቀዋል። አባቴ እየተንቀጠቀጠ ይሄድ ነበር። ማታ ሲመለስ ስለ ሰልፉ አንድ ቃል አያወራም። "ስሜ ተጠራ" ይላል ለእናቴ፤ እሷም "ተመስገን" ትላለች። በዓሉ ለእኛ ቤት ያ ነበር።

የበዓሎቻችንን ታሪክ ስናይ ይህ ነገር ከየት እንደመጣ ይገባናል። በንጉሡ ዘመን ሐምሌ 16 ልደታቸው፣ ጥቅምት 23 ደግሞ የዘውድ በዓላቸው ነበር። ደርግ መጣ፤ እነዚያ ቀርተው ንጉሡ የወረዱበት መስከረም 2 ዋናው ቀን ሆነ። መስቀል አደባባይም አብዮት አደባባይ ተባለ። ከዚያ ኢሕአዴግ ገባ፤ በ1983 ዓ.ም. አዲስ አበባ የገባበት ግንቦት 20 ታላቁ በዓል ሆነ። ከሁሉ የሚገርመኝ የድል በዓል ነው። ከጣልያን ነፃ የወጣነው አንድ ጊዜ ነው፤ በ1933 ዓ.ም.። በዓሉ ግን ሁለት ቀን ነበረው። ንጉሡ አዲስ አበባ የገቡት ሚያዝያ 27 ስለሆነ በእሳቸው ዘመን በዓሉ ያን ቀን ነበር። ደርግ የንጉሡን ቀን ላለማክበር ወደ መጋቢት 28 አዞረው፤ ከተማዋ ከጣልያን እጅ ወደወጣችበት ቀን። ደርግ ሲወድቅ ተመልሶ ሚያዝያ 27 ሆነ። አርበኞቹ ግን ያው አርበኞቹ ናቸው። የሞቱትም አልተለወጡም።

አድዋም ከዚህ ፉክክር አላመለጠም። በ2015 ዓ.ም. ምኒልክ አደባባይ በዓሉን ለማክበር በወጣው ሕዝብ ላይ አስለቃሽ ጭስ መተኮሱን ሁላችንም እናስታውሳለን። የት ይከበር፣ ማን ይምራው፣ የማን ፎቶ ይያዝ የሚለው ጥያቄ ሁሉ ፖለቲካ ሆኗል። እንዲህ ባለ ጊዜ አደባባይ የሞላው ሰው ብዛት ለመንግሥትም፣ ለድርጅት ባለቤትም መታያ ይሆናል። የፋብሪካዎ አስተዳደር ምናልባት ከላይ "ይህን ያህል ሰው አምጡ" ተብሎ ይሆናል፤ ምናልባት ራሱ ለመታየት ፈልጎ ይሆናል። እርስዎ ግን የማንም ቁጥር ማሟያ የመሆን ግዴታ የለብዎትም።

ይህን የምለው እኔ ሳልሆን ሕገ መንግሥቱ ነው። አንቀጽ 30 ሰልፍ መውጣትን መብት ያደርገዋል። መብት ደግሞ የሚጠቀምበትና የማይጠቀምበት ባለቤት አለው። አንቀጽ 29 ማንም ሰው ያለ ጣልቃ ገብነት የራሱን አመለካከት መያዝ እንደሚችል ይናገራል። አንቀጽ 18 ማንም ሰው በግዴታ ሥራ እንዲሠራ ማድረግን ይከለክላል። እዚህ ጋ አንዳንድ አመራር "ኅብረተሰቡ ለአካባቢው የሚሠራው ሥራ ይፈቀዳል" ብሎ ይጠቅሳል። ልክ ነው፣ ይፈቀዳል፤ ግን አንቀጹ የሚለው ኅብረተሰቡ በፈቃዱ የሚሠራውን የልማት ሥራ ነው። ፈቃድ የሚለው ቃል ሲጠቀስ ይዘለላል።

ስለ ባንዲራ አንድ ጥንቃቄ ልጨምር። ሕጉ ግለሰብን ባንዲራ ይዘህ ውጣ አይልም። የያዘ ሰው ግን የሚይዘው በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 3 የተደነገገውን፣ መሐሉ ላይ አርማ ያለበትን ነው። አዋጅ ቁጥር 654/2001 አርማ የሌለውን መጠቀም ይከለክላል። ወደፊት በራስዎ ፈቃድ ለመውጣት ቢፈልጉ በዚህ ምክንያት ሰው እንደሚያዝ ይወቁ።

"ብናገር ያባርሩኛል?" ላሉት፣ ሊሞክሩ ይችላሉ። አልዋሽዎትም። ግን የአሠሪና ሠራተኛ አዋጁ አንቀጽ 26 የፖለቲካ አመለካከት ለስንብት ምክንያት ሊሆን እንደማይችል ይደነግጋል። ሠራተኛ በአሠሪው ላይ ቅሬታ ማቅረቡ ወይም መክሰሱም ምክንያት አይሆንም ይላል። ይህ ሁለተኛው ለእርስዎ ይበልጥ ይጠቅማል፤ ለዚህ ነው ቅሬታዎ በጽሑፍና በቀን የተያዘ እንዲሆን የወተወትኩዎት። ከቅሬታው በኋላ በሳምንቱ ቢያሰናብቱዎት ዳኛ ሁለቱን ቀኖች ጎን ለጎን ያያል። ወደ ሥራ ለመመለስ የሚቀርብ ክስ ግን ከተሰናበቱበት ቀን ጀምሮ በሦስት ወር ውስጥ መቅረብ አለበት። ካለፈ አለቀ።

አሁን የት ይሄዳሉ? እዚህ ላይ የከተማ ዳር ሰዎች ብዙ ጊዜ ይሳሳታሉ። ቤትዎ ቃሊቲ፣ አዲስ አበባ ውስጥ ነው። ፋብሪካው ግን ገላን ከሆነ ኦሮሚያ ነው፤ በሸገር ከተማ ሥር። የሥራ ክርክር የሚታየው ሥራው በሚሠራበት ቦታ ነው። ስለዚህ አቃቂ ቃሊቲ ክፍለ ከተማ ሄደው ቀን አያቃጥሉ። በመጀመሪያ እዚያው ገላን ወዳለው የሥራና ክህሎት ጽሕፈት ቤት ሄደው የሥራ ሁኔታ ተቆጣጣሪ ያነጋግሩ። ተቆጣጣሪ ፋብሪካው ገብቶ የደመወዝ መዝገብ የማየት ሥልጣን አለው። አንዳንድ አሠሪ ይህን ሲሰማ ገንዘቡን በሁለት ቀን ይመልሳል። ካልሆነ እዚያው ባለው ፍርድ ቤት ይከሳሉ። ችሎቱ በአፋን ኦሮሞ ነው፤ ካልቻሉ አስተርጓሚ መጠየቅ መብትዎ ነው። ሠራተኛ የዳኝነት ክፍያ አይከፍልም። የባልደረቦችዎም ደመወዝ ተቆርጦ ከሆነ አብራችሁ ብትሄዱ ይሻላል፤ አንድ ሰው ብቻውን ሲቆም ዓይን ውስጥ ይገባል።

የብሎክ ሰብሳቢው ነገር ሌላ ነው። እሱ የወረዳ ሠራተኛ እንኳ ላይሆን ይችላል። የድጋፍ ደብዳቤ ነዋሪ ስለሆኑ የሚያገኙት አገልግሎት እንጂ ለሰልፈኛ የሚሰጥ ሽልማት አይደለም። ሲያስፈልግዎ በቀጥታ ወረዳው ቢሮ ሄደው ይጠይቁ። እዚያ ከከለከሉዎት "ምክንያቱን ጽፋችሁ ስጡኝ" ይበሉ። ይህን ሲባል አብዛኛው ሰው ይጽፍልዎታል፤ ደብዳቤውን ማለቴ ነው። ካልጻፉ ክፍለ ከተማው ቅሬታ ሰሚ ጋ፣ ከዚያም የሕዝብ እንባ ጠባቂ ተቋም ጋ መሄድ ይችላሉ። ተቋሙ የተቋቋመው ለእንዲህ ዓይነቱ የአስተዳደር በደል ነው፤ አቤቱታ መቀበያውም ነፃ ነው።

የደመወዝ ጥያቄ በስድስት ወር ይርጋ ይታገዳል፤ ጊዜው ካለፈ መጠየቅ አይቻልም ማለት ነው። የሚቆጠረው ገንዘቡ ሊከፈልዎ ይገባ ከነበረው ቀን ጀምሮ ነው፤ የተቆረጠብዎ በየካቲት ደመወዝ ስለሆነ ከየካቲት መጨረሻ ይቁጠሩት። የደመወዝ ደረሰኙን፣ የማስጠንቀቂያውን ቅጂና ስክሪንሹቱን አንድ ፌስታል ውስጥ አድርገው ቤት ያስቀምጡ፤ ፋብሪካው ሎከር ውስጥ አይተዉት። የጻፉትን መልስ ከማስገባትዎ በፊት ፎቶ አንስተው ይላኩልኝ፤ አይቼ አስተካክልልዎታለሁ።