መልስ፦ ሥራ ትቼ የራሴን ምግብ ላምርት?
ሥራዬን ለቅቄ መሬትና ላም ልግዛ ወይ ላልከው፣ ቆይ፣ አትቸኩል። መጀመሪያ ባለህ ጓሮ ሞክረው። ከአፈሩ ጀምር፤ የወጥ ቤት ትራፊውን ከደረቅ ቅጠል ጋር እየደራረብክ አብላላውና ኮምፖስት (የተፈጥሮ ማዳበሪያ) አድርገው፣ ስትጨብጠው እንደተጨመቀ ስፖንጅ ረጠብ ብሎ ካላንጠባጠበ ልክ ነው፣ ከሸተተህ ደግሞ ደረቅ ቅጠል ጨምርና አገላብጠው። ቀጥሎ ዶሮ። ከጫጩት ከጀመርክ እንቁላል ለማየት ከ5 እስከ 6 ወር ትጠብቃለህ። ትኩስ ኩሳቸውን ተክል ላይ እንዳትደፋ፣ ሥሩን ያቃጥለዋል፤ ኮምፖስቱ ውስጥ ጨምረው። ላሟን ለጊዜው እርሳት። አብዛኛውን ጊዜ በቀን ሁለቴ ትታለባለች፣ በዓል አታውቅ፣ ጉንፋን ያዘኝ ብትላት አትሰማህ። መሬት መግዛቱ ሲደርስ ግን ከስፋቱ በፊት ውሃውን ጠይቅ፣ በተለይ በበጋ ስንት ወር እንደሚቆይ።