የገና ዛፉን ባሌ ሳያይ ባወጣውስ?

ውድ የምክር አምድ አዘጋጅ፣

ገና ካለፈ ሰነበተ፤ የእኛ ቤት ዛፍ ግን ከሳሎን አልወጣም። ባለቤቴ ጽዱን የሚያመጣው ታኅሣሥ 16፣ በፈረንጆቹ ገና ዕለት ነው። የእኛው ታኅሣሥ 29 እስኪደርስ ግማሹ ቅጠል ምንጣፉ ላይ ያልቃል። የቀለም ባልዲ ውስጥ አሸዋ ሞልቶ ይተክለውና በረዶ ነው ብሎ ጥጥ ይለጥፍበታል። አዲስ አበባ ላይ፣ በዚያ ሁሉ ፀሐይ! ጥጡ የቁሌቱን ሽታ ይዞ ቀርቷል። ፊኛዎቹ አምፖሎቹን ተጠግተው ስለሚንጠለጠሉ እንግዳ ፊት ይፈነዳሉ፤ ጎረቤታችን አዛውንቱ ደንግጠው ቡናቸውን ደፍተዋል። ከሃያው አምፖል ሦስቱ ጠፍተዋል፤ የቀሩት እንዲያውም ደምቀዋል።

እኔ ጌጥ አልጠላም። ገመዱና ማከፋፈያው እንዳያስጠሉ ቄጤማ የምጎዘጉዝባቸው እኔው ነኝ፤ ትንሽ ይሞቃሉ እንጂ አይታዩም። አሁን ግን «እስከ ጥምቀት ይቆይ» ሲለኝ ትዕግሥቴ አለቀ። አምና በበዓሉ ማግስት ባወጣው ሳምንት ሙሉ አኮረፈኝ። ዘንድሮ ደግሞ አማቴ ለጥምቀት ይመጣሉ፤ ይህን ሲያዩ «የልጄን ቤት ጫካ አደረግሽው» የሚሉት እኔን ነው። እሱ ሥራ ሲሄድ ባወጣው ነውር ይሆንብኛል?

ትዕግሥቷ ያለቀ፣ ከአዲስ አበባ

እህቴ፣

መጀመሪያ ማከፋፈያውን ከግድግዳው ንቀይና ቄጤማውን ከላዩ አንሺ። አሁኑኑ። ይህን የምታነቢው ቡና እያፈላሽ ከሆነ ቡናውን ትተሽ። «ትንሽ ይሞቃሉ» ብለሽ ያለፍሽው ነገር ከጥጡም ከቅጠሉም ይብሳል፤ ያጠፋሽውም አንቺ ነሽ። ገመድና ማከፋፈያ የሚሞቁት ከአቅማቸው በላይ ሲጫኑ ወይም መጋጠሚያው ሲላላ ነው። ሙቀቱ አየር ካላገኘ እዚያው ይጠራቀማል፤ አንቺ ደግሞ ሸፈንሽው። ቄጤማው እርጥብ ሳለ ውኃው ወደ ሶኬቱ ቀዳዳ ይገባል፤ ሲደርቅ ያው ሣር ነው። ከላዩ ጥጥ አለ፤ ከጥጡ በላይ የደረቀ ጽድ። የጽድ ቅጠል ዘይት አለው፤ ደርቆ ከተለኮሰ ውኃ ለመቅዳት እንኳ ጊዜ አይሰጥም።

አምፖሎቹ የደመቁትም በምክንያት ነው። በእንዲህ ዓይነቱ የቆየ መብራት 220ው ቮልት ለሃያው አምፖል ይከፋፈላል፤ ለእያንዳንዱ 11 ይደርሰዋል። አንዱ ሲቃጠል ውስጡ ያለች ቀጭን ሽቦ ኤሌክትሪኩን ታሳልፋለች፤ የሦስቱ ድርሻ ለቀሩት 17 ተጨምሮ እያንዳንዱ ወደ 13 ቮልት ይጠጋል። ከልክ በላይ ይግላሉ፤ የተጠጋቸውን ፊኛ ያፈነዳሉ፤ ቀጥሎ አራተኛው ይቃጠላል። ያ መብራት ይጣል። በምትኩ የማይግል ኤልኢዲ ግዙ፤ እሱም ቢሆን ስትተኙ ይነቀል።

በዛፉ ጉዳይ ግን ከባልሽ ጋር ነኝ። ቤቱን ለበዓል የሚያስጌጥ ባል መመስገን አለበት። የሳተው ቀኑንና ውኃውን ነው። የተቆረጠ ጽድ ደረቅ አሸዋ ውስጥ ከታኅሣሥ 16 እስከ ጥር 11 ሊቆይ አይችልም። ለከርሞ ታኅሣሥ 25 ያምጣው። ከሥሩ ሁለት ጣት ያህል እንደገና ቆርጦ ወዲያው ውኃ ውስጥ ያቁመው፤ ቁርጡ ለሰዓታት ከደረቀ ሙጫው ይደፍነውና ውኃ አይስብም። በአሸዋው ፋንታ ጭብጥ የሚያህሉ ድንጋዮች ይደርድር፤ ግንዱን ደግፈው ይይዛሉ፣ በመካከላቸውም ውኃ ይቆማል። ውኃው ከቁርጡ በታች እንዳይወርድ ጧት ማታ ይታይ። ጥጡ አይመለስ፤ ጽድ አረንጓዴ ሆኖ በራሱ ያምራል።

ተደብቀሽ ማውጣቱን ግን ተይው። አምና ያስኮረፈው ሳይጠየቅ መውጣቱ ይመስለኛል። ዛሬ ማታ ቅርንጫፉን ራሱ በእጁ ይጨብጠው። መዳፉ ላይ ከረገፈ ከእንግዲህ ክርክር የለም፤ ጥምቀትን አይጠብቅም። ጌጡን እሱ ያውርድ፤ አንቺ ከሥሩ አሮጌ አንሶላ አንጥፊ። ዛፉን አንሶላው ላይ አጋድማችሁ ጠቅልላችሁ ስታወጡት ቅጠሉ ሁሉ አብሮ ይሄዳል። ከሰል ምድጃ ላይ ግን እንዳትጨምሩት፤ እየተንጣጣ ፍም ይረጫል። «በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ» ይባላልና ባልሽ ፊቱን ካጠቆረ ይህንኑ አስታውሺው።

አማትሽ ሲመጡ ባዶው ቦታ ላይ፣ ገመድ በሌለበት፣ ቄጤማሽን ጎዝጉዢላቸው። ውኃውን አስቀድመሽ በደንብ አራግፊው፤ ሴራሚክ ላይ እርጥብ ቄጤማ ያንሸራትታል።