ከፍርዱ መጨረሻ ገጽ አትጀምሩ

ልጆቼ፣ ጅማ ፍርድ ቤት ደጃፍ ባለጉዳይ ከችሎት ሲወጣ ዘመድ የሚጠይቀው አንድ ነገር ነው፤ «ተፈረደለት ወይስ ተፈረደበት?» ለዘመድ ይበቃዋል። ሕግ ለምትማሩት ግን አይበቃም። ብዙዎቻችሁ ፍርድ ስታነቡ «ውሳኔ» ከሚለው ርእስ በላይ ያለውን ትዘላላችሁ፤ መብት የሚሠራው ግን እዚያ በተዘለለው ሐተታ ውስጥ ነው።

በመጨረሻ ፍርድ ላይ መሠረታዊ የሕግ ስሕተት ሲኖር የሚያርመው የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሰበር ሰሚ ችሎት በ2000 ዓ.ም. የወሰነውን መዝገብ ቁጥር 23632 ፈልጋችሁ አንብቡ። እናቱ የሞተችበትን ሕፃን አክስቱ ታሳድጋለች፤ አባት ሞግዚትነቱ ይገባኛል ብሎ ይከሳል። የሥር ፍርድ ቤቶች የቤተሰብ ሕጉን ገለጡ። ከወላጆች አንዱ ሲሞት ሞግዚትነቱ በሕይወት ላለው ነውና ለአባት ፈረዱ። በፊደሉ ከሄድን ምን ጥፋት አለባቸው? ሰበር ግን ከሁሉ በፊት የልጁ ጥቅም ሊመዘን ይገባ ነበር ብሎ፣ የሕገ መንግሥቱን አንቀጽ 36 እና የሕፃናት መብቶች ኮንቬንሽንን ጠቅሶ ፍርዱን ሻረ። የቤተሰብ ሕጉ አንድ ቃል አልተለወጠም፤ የሚነበብበት መንገድ ግን ተለወጠ።

ይህ አዲስ አበባ የቀረ ወሬ አይደለም። ከአዋጅ ቁጥር 454/1997 ጀምሮ፣ ከአምስት ያላነሱ ዳኞች የተሰየሙበት የሰበር ችሎት የሰጠው የሕግ ትርጉም በየደረጃው ያሉትን የፌዴራልም የክልልም ፍርድ ቤቶች ያስገድዳል። አዋጅ ቁጥር 1234/2013ም ይህንኑ አጽንቶታል። ስለዚህ እዚህ ወረዳ ፍርድ ቤት በአፋን ኦሮሞ ስትከራከሩ፣ ክርክራችሁን የሚያቆመው ወይም የሚጥለው በአማርኛ የታተመ የሰበር ውሳኔዎች ቅጽ ውስጥ ያለ አንድ አንቀጽ ሊሆን ይችላል። ሁለቱንም ቋንቋ መናገር ለጅማ ልጅ ብርቅ አይደለም፤ የሕግ ጽሑፍ በሁለቱም ማንበብ ግን ሌላ ድካም ይጠይቃል፤ ድከሙበት።

ሰበርን ግን አታምልኩት። መብትን ያሰፋ ችሎት ሊያጠብበውም ይችላል፤ ያጠበበውም ትርጉም እንደዚያው ያስገድዳል። ሕገ መንግሥቱን የመተርጎም የመጨረሻ ሥልጣንም በአንቀጽ 62 እና 83 መሠረት የፌዴሬሽን ምክር ቤት ነው፤ ይህን ረስቶ የሚከራከር ጠበቃ አሁንም አያለሁ፣ ያናድደኛልም።

ከፍርድ ግርጌ የልዩነት ሐሳብ፣ ማለትም በአብላጫው ውሳኔ ያልተስማማ ዳኛ የጻፈውን ካገኛችሁ ሁለት ጊዜ አንብቡት። ሰበር ከሰባት ባላነሱ ዳኞች ተሰይሞ የቀድሞ ትርጉሙን ሊለውጥ ይችላልና፣ ይለወጥልኝ ብላችሁ ስትቀርቡ ክርክራችሁን ከየት እንደምትጀምሩ ያሳያችኋል።